አስፒሪን እየዋጥኩ ሁለተኛው ክኒን ለምን? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ፕላትሌት መድኃኒቶች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚዞሩት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱ በደም ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቁራጮች) እርስ በርስ ተጣብቀው የደም ቧንቧ እንዳይዘጉ በሚሰጡ መድኃኒቶች ዙሪያ። ብዙዎቹ ጠያቂዎች «ደም ማቅጠኛ» ብለው ጠርተዋቸዋል። ስሙ የተለመደ ቢሆንም ያሳስታል። ደሙ አይቀጥንም፤ ውፍረቱ እንደነበረ ነው። የሚለወጠው ፕላትሌቱ የሚደርሰውን ጥሪ የመስማትና ባልንጀራውን የመያዝ አቅሙ ነው። የትኛው መድኃኒት የትኛውን ጥሪ እንደሚያግድና እገዳው ስንት ቀን እንደሚቆይ ካወቅን፣ ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚያው ይፈታሉ።

ጥያቄ፦ የልብ ደም ቅዳዬ ጠቦ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ከገባልኝ ሁለት ወር ሆኖኛል። አስፒሪን 100 ሚሊ ግራም እና ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊ ግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ከሆነ የሚሰጡት፣ አንዱ ለምን አይበቃም?

መልስ፦ የሚሠሩበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም። ይህ ግልጽ እንዲሆን ከፕላትሌቱ እንጀምር።

ፕላትሌት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ግዙፍ ሴሎች እየተቆረሰ ወደ ደም የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ነው። ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር፣ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ኒውክለስ (ጂኖች የሚገኙበት የሴል ማዕከል) የለውም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ይያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጤነኛ የደም ቧንቧ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ፕላትሌት ዝም ብሎ ያልፋል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ በስብ ያበጠው ቦታ ሲፈነዳ ወይም የስቴንቱ ብረት ሲያቆስለው ግን ከሥር ያለው ኮላጅን ይገለጣል። ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የሚባለው ረጅም ፕሮቲን ኮላጅኑ ላይ ይለጠፍና በፍጥነት የሚያልፈውን ፕላትሌት ግላይኮፕሮቲን 1ቢ በተባለው ተቀባይ (በገጹ ላይ ባለ መያዣ ፕሮቲን) በኩል ይጎትተዋል። ፍጥነቱ የቀነሰው ፕላትሌት ግላይኮፕሮቲን 6 በተባለ ሌላ ተቀባይ ኮላጅኑን ራሱን ይነካል፤ ያን ጊዜ ይነቃል።

የነቃ ፕላትሌት ሌሎችን ይጣራል። አንደኛው ጥሪ በውስጡ ካሉ ከረጢቶች የሚለቀው ኤዲፒ ነው፤ ይህን የሚሰሙት ፒ2ዋይ1 እና ፒ2ዋይ12 የሚባሉ ተቀባዮች ናቸው። ሁለተኛው እዚያው የሚያመርተው ትሮምቦክሴን ኤ2 ነው። በእነዚህ ላይ ከደም መርጊያ ፕሮቲኖች ሰንሰለት የሚመጣው ትሮምቢን ይጨመራል፤ ከሁሉም ብርቱው እሱ ነው፤ የሚሰማውም በፓር-1 እና በፓር-4 በኩል ነው። አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። ትሮምቢን የተቀባዩን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ተቀባይ አዲሱ ጫፍ ታጥፎ ራሱን ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

እንግዲህ ፕላትሌት ጆሮው ብዙ ነው። እጁ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ግላይኮፕሮቲን 2ቢ/3ኤ ይባላል። በአንድ ፕላትሌት ላይ 80,000 ያህል አለ። ፕላትሌቱ ሳይነቃ እጁ የተጨበጠ ነው፤ ሲነቃ ይዘረጋና ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን ይይዛል። ፋይብሪኖጅን ሁለት ጫፍ ስላለው በአንዱ ጫፍ አንድ ፕላትሌት፣ በሌላው ጫፍ ሌላው ይይዘዋል። ክምሩ እንዲህ እያደገ ቧንቧውን ይደፍናል።

አሁን ወደ ክኒኖችዎ። አስፒሪን የትኛውንም ጆሮ አይደፍንም፤ ጥሪውን ከምንጩ ነው የሚያደርቀው። ትሮምቦክሴንን ለማምረት የሚያስፈልገውን ኮክስ-1 የተባለ ኢንዛይም እስከመጨረሻው ያበላሸዋል። ክሎፒዶግሬል ደግሞ የኤዲፒን ጥሪ የሚሰማውን ፒ2ዋይ12ን ይደፍናል፤ እሱም እስከመጨረሻው። አስፒሪን ብቻ ቢወስዱ የኤዲፒ ጥሪ እንዳለ ይቀራል፤ አዲስ ብረት በቧንቧዎ ውስጥ ባለበት ጊዜ ይህ አይበቃም። የስቴንቱ ሽቦ የቧንቧው የራሱ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ለፕላትሌት የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መውሰድ በተለመደው መመሪያ በቀጠሮ ለገባ ስቴንት 6 ወር፣ ከሃርት አታክ በኋላ ደግሞ 12 ወር ነው። ለመድማት የተጋለጠ ሰው ሊያጥርለት፣ ለመርጋት የተጋለጠ ሊረዝምለት ይችላል። ቀኑን የሚወስነው የልብ ሐኪምዎ ነው። በሁለተኛው ወር በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ስቴንቱ በድንገት እንዲደፈን በር ይከፍታል፤ ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ለሕይወት አስጊ ነው።

ክሎፒዶግሬል በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የሚደፍነው ተቀባይ ጂን ግን ተለይቶ የታወቀው በ2001 ነበር። መድኃኒቱ ለአራት ዓመት ሕይወት ሲያተርፍ የሚይዘው ቦታ ገና በትክክል አልታወቀም ነበር።

ጥያቄ፦ አባቴ ከሃርት አታክ በኋላ ክሎፒዶግሬል ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ሐኪሙ ወደ ቲካግሬሎር ቀየረለት። በሳምንቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። መድኃኒቱ ነው? ቢያቆመውስ?

መልስ፦ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ግን አያቁም፤ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፕላቶ በተባለው ትልቅ ጥናት ቲካግሬሎር ከወሰዱት 13.8 ከመቶ፣ ክሎፒዶግሬል ከወሰዱት 7.8 ከመቶ የትንፋሽ ማጠር ገጥሟቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ቀላል ነው፣ ሳንባውንም አይጎዳም፤ በብዙዎች መድኃኒቱ ሳይቆም ይለቃል። መድኃኒቱ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ሴል ተመልሶ እንዳይገባ ስለሚያደርግ እንደሚመጣ ይታሰባል። ይሁንና በቅርቡ ሃርት አታክ በነበረበት ሰው ላይ «የመድኃኒቱ ነው» ከማለት በፊት ልቡ መድከሙን፣ ሳንባው ውኃ መቋጠሩን፣ የልብ ምቱ መዘግየቱን መመርመር ግድ ነው። በተጋደመ ጊዜ የሚብስ፣ እግር ከማበጥ ጋር የመጣ ወይም ደረት የሚያስጨንቅ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሐኪሙ ለምን ቀየረለት ብለው አስበው ከሆነ፣ ሦስቱ ፒ2ዋይ12ን የሚደፍኑ ክኒኖች ጠባያቸው ይለያያል።

ክሎፒዶግሬል እንዳለ አይሠራም። ከተዋጠው ውስጥ 85 ከመቶ ያህሉ ጥቅም ወደሌለው ነገር ይለወጣል፤ ቀሪው ብቻ በጉበት ውስጥ በሁለት ደረጃ ተለውጦ ወደሚሠራው ቅርጽ ይደርሳል። በዚህ ሥራ ዋናው ሲፕ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው። የዚህን ኢንዛይም ደካማ ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ክኒኑን ሳያጓድል እየዋጠ ፕላትሌቱ እምብዛም አይታገድም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ2010 በከፍተኛ ማስጠንቀቂያነት በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አስፍሯል። ማስጀመሪያው ከ300 እስከ 600 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በቀን 75 ነው።

ፕራሱግሬልም በጉበት ይለወጣል፤ ነገር ግን ለውጡ ፈጣንና አስተማማኝ ነው። 60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በቀን 10 ይቀጥላል። ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው 5 ይደረጋል። ዕድሜው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ብዙውን ጊዜ አይመረጥም፤ ከተሰጠም በ5 ነው። ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት ገጥሞት ለሚያውቅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንጎል ውስጥ መድማትን ያስከትላልና።

ቲካግሬሎር ጉበት እስኪለውጠው አይጠብቅም፤ እንደተዋጠ ራሱ ይሠራል። 180 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየ12 ሰዓቱ 90 ይወሰዳል። ተቀባዩን ይይዘዋል እንጂ አያበላሸውም፤ ይለቀዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። በቀን ሁለቴ መወሰዱም ስለዚህ ነው። አብሮት የሚወሰደው አስፒሪን በቀን ከ100 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የቲካግሬሎር ጥቅም ቀንሶ ታይቷል። ክላሪትሮማይሲን (የባክቴሪያ መድኃኒት) እና ኬቶኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) በደም ውስጥ መጠኑን ከሚገባው በላይ ያደርጉታል፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ያሳንሰዋል። ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ከ40 ሚሊ ግራም አይለፍ።

ሐኪሙ የትንፋሹ ነገር ስላልተሻለ ወደ ክሎፒዶግሬል ልመልሰው ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ቲካግሬሎር 24 ሰዓት በኋላ በ600 ሚሊ ግራም ይጀመራል። የመድማት ችግር ያለበት ሰው ግን ያለ ማስጀመሪያ በ75 ሊጀምር ይችላል።

ጥያቄ፦ በልብ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ኤፕቲፊባታይድና ቲሮፊባን ለምን በመርፌ ብቻ ይሰጣሉ? አንድ ሕመምተኛም ከጀመረ በአራት ሰዓት ውስጥ ፕላትሌቱ 60,000 ነው የሚል ውጤት መጣ፤ ምን መደረግ ነበረበት?

መልስ፦ እነዚህ መድኃኒቶች ጆሮውን ትተው እጁን ራሱን የሚይዙ ናቸው። የትኛውም ጥሪ ቢሰማ፣ ግላይኮፕሮቲን 2ቢ/3ኤ ከተያዘ ፕላትሌት ከፕላትሌት አይያያዝም። ይህ ምን ያህል ብርቱ እገዳ እንደሆነ ተፈጥሮ አሳይታናለች። ይህ ተቀባይ ሳይኖራቸው ወይም ሳይሠራላቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ የፕላትሌት ቁጥራቸው ልክ ሆኖ ሳለ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይደማሉ። ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1918 በገለጸው የስዊዘርላንድ ሐኪም በግላንዝማን ስም ይጠራል።

የመጀመሪያው መድኃኒት አብሲክሲማብ ከአይጥ ከተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ተቀይሶ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈቀደ። ኤፕቲፊባታይድ የተቀረጸው በአንዲት ትንሽ ጅራተ አንቃጭል እባብ መርዝ ውስጥ ያለን ፕሮቲን አብነት አድርጎ ነው። ቲሮፊባን ፕሮቲን ያልሆነ ትንሽ ሞለኪውል ነው።

በአፍ የሚወሰዱም ተሞክረው ነበር። በብዙ ሺህ ሕመምተኞች ላይ ሲፈተኑ የሞት ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሥራው ተተወ። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አሳማኝ የሚመስለን ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ተቀባዩን ሲይዘው የተጨበጠውን እጅ ይዘረጋዋል። በደም ውስጥ መጠኑ ዝቅ ሲል እጁን ለቆት ይሄዳል፣ እጁ ግን እንደተዘረጋ ይቀራል። በክኒን ደግሞ መጠኑ በየዕለቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በደም ሥር ሲሰጥ መጠኑ ሳይዋዥቅ ከተቀባዮቹ ከ80 ከመቶ በላይ ተይዘው ይቆያሉ።

መጠኑን እርስዎ ያውቁታል፤ ስህተት የሚበዛው ኩላሊት ላይ ስለሆነ ግን እንድገመው። ኤፕቲፊባታይድ በኪሎ 180 ማይክሮ ግራም፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያንኑ ሁለተኛ ጊዜ፣ ከዚያ በኪሎ በደቂቃ 2 ማይክሮ ግራም። የክሪያቲኒን ማጣሪያ (ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙ) ከ50 ሚሊ ሊትር በደቂቃ በታች ከሆነ የሚንጠባጠበው ወደ 1 ይወርዳል፤ የመጀመሪያው መርፌ አይቀነስም። ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው አይሰጥም። ቲሮፊባን በኪሎ 25 ማይክሮ ግራም በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያ በኪሎ በደቂቃ 0.15፤ ማጣሪያው 60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይህ በግማሽ ይቀነሳል።

ወደ 60,000ው እንምጣ። ከ100,000 በታች ከወረደ መጀመሪያ የሚደረገው የሚንጠባጠበውን ማቆምና አብሮ የሚሰጥ ሄፓሪን (ሌላ የደም መርጊያ መከላከያ መድኃኒት) ካለ ለሐኪሙ ነግሮ ማስቆም ነው። ቀጥሎ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ይመጣል። ለደም ቆጠራ የምንጠቀምበት ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመር ኬሚካል) በአንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይም እነዚህ መድኃኒቶች ባሉበት፣ ፕላትሌቶችን ቱቦው ውስጥ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ ክምሩን እንደ ፕላትሌት ስለማይቆጥረው ቁጥሩ ያነሰ ይመስላል። በሲትሬት ቱቦ ደግመው ይቅዱ፣ በስላይድም ይታይ። ሲትሬቱ ፈሳሽ በመሆኑ ደሙን በአንድ አሥረኛ ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ የወጣው ቁጥር በ1.1 ይባዛል። በሲትሬት 170,000 ከወጣ እውነተኛው 187,000 ነው፤ የወረደ ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለውን ሐኪሙ በዚህ ቁጥር ይወስናል። በሲትሬትም ካነሰ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ተመልሶ አይጀመርም። ኤፕቲፊባታይድና ቲሮፊባን ከቆሙ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የፕላትሌቱ ሥራ ይመለሳል። ቆጠራው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥና ከዚያ በየቀኑ መሠራት ያለበትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ላይ ነኝ። ለጉልበቴ ኢቡፕሮፌን፣ ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ገዛሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለቱም ችግር አላቸው፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው።

ኢቡፕሮፌን በኮክስ-1 ኢንዛይም ላይ አስፒሪን የሚገባበትን ጉድጓድ ቀድሞ ይይዝበታል። አስፒሪን በደም ውስጥ የሚቆየው በጣም አጭር ነው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ኢቡፕሮፌኑ ቦታውን ሲለቅ አስፒሪኑ የለም፤ ኢንዛይሙም ሳይነካ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ ግድ ከሆነ ሽፋን የሌለውን አስፒሪን ቀድመው ወስደው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ወይም ኢቡፕሮፌኑን ከአስፒሪኑ ከ8 ሰዓት በላይ አስቀድመው ይውሰዱ። በየቀኑ ከሆነ ግን በሰዓት ማለያየቱ አያዋጣም፤ ሁለት የፕላትሌት መድኃኒት ላይ ላለ ሰው የጨጓራ መድማቱ አደጋ ይበዛልና። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ኦሜፕራዞል ክሎፒዶግሬልን የሚለውጠውን ያንኑ ሲፕ2ሲ19 ያዳክመዋል። ኢሶሜፕራዞልም እንዲሁ። በተለያየ ሰዓት መውሰዱ አያድንም። በሁለት መድኃኒት ላይ ላለ ሰው የጨጓራ መከላከያ አስፈላጊ ስለሆነ መተዉ መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪምዎን ወደ ፓንቶፕራዞል እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ። ቲካግሬሎርና ፕራሱግሬል ላይ ይህ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ስቴንት ከገባልኝ አምስተኛ ወሬ ነው፤ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል እወስዳለሁ። ጥርስ ልነቀል ነው፤ በኋላም ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለኝ። መቼ ላቁም?

መልስ፦ ለጥርሱ አያቁሙ። የድድ ደም በእጅ የሚደረስበት ነው፤ የስቴንት መደፈን ግን በእጅ አይደረስበትም። ሐኪሙ ቦታውን ይሰፋዋል፤ እርስዎ የተጠቀለለ ጎዝ አድርገው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይከፍቱ ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት የረጋውን ይነቅለዋል። ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) የነካ ጎዝም ይረዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ አፍ አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ነገር አይጠጡ፣ በስትሮ አይምጠጡ።

ለሐሞት ጠጠሩ ግን የልብ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ መነጋገር አለባቸው። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ስቴንቱ 6 ወር እስኪሞላው፣ ምክንያቱ ሃርት አታክ ከነበረ ደግሞ እስከ 12 ወር ቢቆይ ይመረጣል። እንዲቆም ከተወሰነ ክሎፒዶግሬል ከ5 ቀን፣ ፕራሱግሬል ከ7 ቀን፣ ቲካግሬሎር ከ3 እስከ 5 ቀን አስቀድሞ ይቆማል። አስፒሪን በአብዛኛው ይቀጥላል። የቀኖቹ ምንጭ መጀመሪያ ላይ ያዙልን ያልነው ነገር ነው። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው የተበላሸበትን ተቀባይ ወይም ኢንዛይም መልሶ አይሠራም፤ ሞቶ በአዲስ መተካት አለበት። በቀን ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ስለሚተካ በ5 ቀን ግማሽ ገደማ አዲስ ይሆናል፤ ለቀዶ ሕክምና ያ ይበቃል።

መቆየት የማይችል ቀዶ ሕክምና ሲመጣና ስቴንቱ ትኩስ ሲሆን፣ ካንግሬሎር የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ የፒ2ዋይ12 መድኃኒት አለ። ግማሹ በ3 እስከ 6 ደቂቃ ይጠፋል፤ በቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕላትሌቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከእሱ ወደ ክኒን ሲዞር ክሎፒዶግሬልም ሆነ ፕራሱግሬል የሚሰጠው ካንግሬሎሩ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው። አብረው ከተሰጡ ተቀባዩ ስለተያዘ ቦታ አያገኙም፤ በደም ውስጥም ቶሎ ስለሚጠፉ ይባክናሉ። ቲካግሬሎር ግን በማንኛውም ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቲካግሬሎር ላይ ያለ ሰው ክፉኛ ሲደማ ፕላትሌት ቢሰጠው ለምን አይረዳውም ይባላል? (ጀማሪ ሐኪም)

መልስ፦ መድኃኒቱ ገና በደም ውስጥ ስለሚዞር ነው። የቲካግሬሎር ግማሹ ለመጥፋት 7 ሰዓት፣ በሰውነት ውስጥ ከእሱ የሚፈጠረውና እንደ እሱ የሚሠራው ደግሞ 9 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አዲስ የገባው ፕላትሌት እንደገባ ይያዛል። ስለዚህ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ፕላትሌት ብዙም አይፈይድም፤ ዲያሊሲስም አያወጣውም። የአስፒሪንና የክሎፒዶግሬል ነገር ይለያል። የሚሠራው ቅርጻቸው ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ግማሹ ስለሚጠፋ፣ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ የተሰጠ ፕላትሌት ጤነኛ ሆኖ ይሠራል። ይህ ማለት ግን ለደማ ሁሉ ፕላትሌት ይሰጥ ማለት አይደለም። በፕላትሌት መድኃኒት ላይ እያሉ በራሱ ጊዜ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን ሰዎች ያካተተ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ፕላትሌት የተሰጣቸው ከሌሎቹ የባሰ ሁኔታ ላይ እንደደረሱ አሳይቷል። መጀመሪያ የሚደማውን ቦታ ፈልጎ መዝጋት ነው።

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት ሰው ነኝ፤ ምንም ሕመም የለብኝም። ለመከላከል ብዬ አስፒሪን ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ሃርት አታክም ስትሮክም ያልነበረበት ሰው ከ60 ዓመት በኋላ ለመከላከል ሲል አስፒሪን እንዲጀምር አይመክርም፤ የመድማቱ ጉዳት ጥቅሙን ይበልጠዋልና። ምክሩ ስለመጀመር ነው። ስቴንት ያለባቸው ወይም ሃርት አታክ የነበረባቸው ሰዎች ይህን አንብበው እንዳያቆሙ አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ክኒኔን ብረሳ በማግሥቱ ሁለት ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ክሎፒዶግሬል ከሆነና ከተለመደው ሰዓት 12 ሰዓት ካላለፈ፣ ባስታወሱበት ሰዓት ይውሰዱ፤ ካለፈ የዛሬውን ይዝለሉትና የነገውን በሰዓቱ ይቀጥሉ። ተቀባዩ እስከመጨረሻው ስለተበላሸ የአንድ ቀን ክፍተት እገዳውን ሁሉ አያነሳውም። ቲካግሬሎር ከሆነ ቀጣዩን 90 በራሱ ሰዓት ብቻ ይውሰዱ። እሱ ላይ መርሳት ይበልጥ ይጎዳል፤ ተቀባዩን ስለሚለቀው እገዳው በሰዓታት ውስጥ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ የቲካግሬሎር ተጠቃሚ የጠዋቱንና የማታውን በተለያየ ሳጥን ለይቶ ያስቀምጥ፣ ስልኩንም በ12 ሰዓት ልዩነት እንዲጮህለት ያድርግ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተረሳ፣ ወይም ክኒኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት አዲስ ካልተገኘ፣ ለሐኪሙ መደወል የሚገባው በዚያው ቀን ነው።